ወኔ ስለቀዘቀዘ ሰው ሰነፍ አይባልም

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲዞር ሰንብቷል። ለእኔም ደረሰኝ። የላከልኝ የባሕር ዳር ወዳጄ ከሥሩ «አንብበው፣ ያንተው ጉዳይ ነው» ብሎበታል። አነበብኩት። ጉዳዩ የእኔ ብቻ ሳይሆን የብዙዎቻችን ነው። ጽሑፉም ሲነበብ ይጥማል። ችግሩ የሚጥም ነገር ሁሉ እውነት አለመሆኑ ነው፣ ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ ከበደኝ።

ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይኸው ነው። ሰው ስፖርት ጀምሮ የሚያቆመው፣ ስኳርና ጨው እቀንሳለሁ ብሎም ተመልሶ የሚገባበት ቁርጠኝነት ስለሌለው ነው። ማንኛውም ነገር 21 ቀን ሳይቋረጥ ከተደረገ ልማድ ይሆናል፤ አንድ ቀን ከተዘለለ ግን ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። የጎጃም ገበሬ ጂም ሳይገባ፣ ማንም «በርታ» ሳይለው ጤነኛ ሆኖ ይኖራል፤ የሰነፈው የከተማው ልጅ ነው። ሁዳዴን የሚጾም ሕዝብ ስኳር መተው አቃተኝ ቢል ሰበብ ነው። መፍትሔው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቶ አንድ ሰዓት መሮጥ፣ ስኳሩንም ጨውንም ቅባቱንም ባንድ ቀን መቁረጥ፣ በሰዓቱ ለተገኘ ቀን ሁሉ ደግሞ ለራስ ገንዘብ መሸለም ነው፤ ለዚህም ዕቁብን ምሳሌ ያደርጋሉ። መጨረሻ ላይ «አዲስ ዓመት ይምጣና እጀምራለሁ» በሚሉት ይቀልዳሉ።

ሀሳባቸውን ያጣመምኩ አይመስለኝም። የተቆጡበትም ምክንያት ይገባኛል። ግፊትና ስኳር የሀብታም በሽታ መባላቸው ከቀረ ቆይቷል፣ በደብረ ማርቆስም በቡሬም በየቤቱ ገብተዋል። ሐኪም እንቅስቃሴ አድርግ ብሎት አንድ ወር ሠርቶ ላሽ ያለ ሰው ሁላችንም እናውቃለን። ለመጀመር ደግሞ ወኔ እንደሚያስፈልግ አልክድም። እስከዚህ ድረስ አብረን ነን።

ከቁርጠኝነቱ ልነሳ። ሰው የሚያቆመው ከልቡ ስላልፈለገ ነው ከተባለ፣ ፍላጎቱን ከፍ ብናደርግለት መንቀሳቀስ ነበረበት ማለት ነው። ይህን የፈተኑ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ አንድ የእንግሊዝ ጥናት 248 ተማሪዎችን በሦስት ቡድን ከፈለ። የመጀመሪያው ቡድን ስለ ስፖርት ምንም ምክር አልተሰጠውም። ሁለተኛው ስለ ልብ ሕመምና ስለ ስፖርት ጥቅም የሚያነሳሳ ጽሑፍ አነበበ። ሦስተኛው ያንኑ ካነበበ በኋላ በሚቀጥለው ሳምንት በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ የት ሆኖ እንደሚሠራ በወረቀት አሰፈረ። ሳምንቱ ሲያልቅ ከመጀመሪያው ቡድን 38 በመቶ፣ ከሁለተኛው 35 በመቶ ስፖርት ሠርተዋል። ከሦስተኛው 91 በመቶ! ምክሩን ያነበቡት ምንም ካልተነገራቸው አልተሻሉም እኮ። ፍላጎታቸው ጨምሮ ነበር፤ እግራቸው ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። አንድ ሳምንት ነው፣ ተማሪዎች ናቸው፣ ዕድሜ ልክ አይለካበትም፤ «ከልብህ ፈልግ» የሚለውን ምክር ለመጠራጠር ግን ይበቃል።

ወኔ መቀዝቀዙም የባሕርይ ጉድለት አይደለም፣ የነገሩ ጠባይ ነው። ግፊት ብዙ ጊዜ አያምም። ዛሬ የተራመደ ሰው ነገ ሲነሳ የሚሰማው ልዩነት የለም፤ የተራመደበት ዋጋ ግን ዛሬውኑ ይከፈላል፦ እንቅልፉ፣ ጉልበቱ፣ ጭቃው፣ የቀረበት ጨዋታ። ትርፉ ከዓመታት በኋላ፣ ያውም በ«ሳይታመም ቀረ» መልክ ነው የሚመጣው። ያልደረሰብህን ስትሮክ ማን አይቶ ያመሰግንሃል? መጀመሪያ ሰሞን አዲስነቱ ራሱ ያስደስታል፣ ኪሎም ትንሽ ይወርዳል። ከዚያ አዲስነቱ ያልቃል፣ ኪሎው ይቆማል። በሌላ አገር ሰው «አማረብህ» ይለው ይሆናል፤ እኛ ጋ ደግሞ ቀበቶው አንድ ቀዳዳ የገባ ሰው መንገድ ላይ የሚጠብቀው «ምነው ከሳህ? አመመህ እንዴ?» ነው። እናቱ ካየችውማ አለቀ፣ ያን ቀን ማታ የሚቀርብለትን አትጠይቁኝ።

ጸሐፊው «ጠንካራ ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ፈተናን ያሸንፋሉ» ይላሉ። ጀርመን ውስጥ 205 ሰዎች ቀን በቀን ምን እንዳማራቸው፣ ምንስ እንደታገሉ ለሳምንት ያህል በስልክ እየተጠየቁ መልስ የሰጡበት ጥናት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ነው የታተመው። ራሳቸውን በመግዛት ጠንካራ የተባሉት ከምኞታቸው ጋር ግብግብ የገጠሙት ከሌሎቹ ያነሰ ነበር። እንዲያ ከሆነ ጥንካሬ ያልነው ነገር ብዙውን ጊዜ ፈተናው ደጃፍ ላለመድረስ ኑሮን ማመቻቸት ነው። ብስኩቱን ያልገዛ ሰው ከብስኩት ጋር አይታገልም።

ወደ 21 ቀኑ እንሂድ። ይህ ቁጥር ከየት መጣ? ማክስዌል ማልትዝ የሚባል አሜሪካዊ የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1960 በጻፈው መጽሐፍ፣ ፊታቸውን የተሠሩ ሰዎች አዲሱን መልካቸውን እስኪለምዱት ቢያንስ 21 ቀን ገደማ እንደሚፈጅ ታዝቦ ነበር። ስለ ሩጫ አላወራም። ስለ ጨውም አላወራም። «ቢያንስ» የምትለዋ ቃል ከአፍ ወደ አፍ ስትሄድ ወደቀች፣ ትዝብቱም ሕግ ሆነ።

ጉዳዩን በእርግጥ ያጠኑት የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ተመራማሪዎች ናቸው። ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ 96 በጎ ፈቃደኞችን ለ12 ሳምንት ተከታተሉ። እያንዳንዱ ሰው የመረጠውን አንድ ነገር ብቻ፣ ለምሳሌ ከምሳ ጋር ፍራፍሬ መብላት ወይም ከእራት በፊት መሮጥን፣ በየቀኑ ይሞክራል። ነገሩ ሳያስቡት የሚደረግ እስኪሆን የወሰደው ጊዜ በአማካይ 66 ቀን ነው፤ ከሰው ሰው ያለው ልዩነት ደግሞ ከ18 እስከ 254 ቀን ይገመታል። ውኃ መጠጣት ቶሎ ይለመዳል፣ ስፖርት ይዘገያል። አሁን የጸሐፊውን ምክር ያመነ አንድ ሰው አስቡ። 22ኛው ቀን ላይ ነቃ። ሩጫው ልክ እንደ መጀመሪያው ቀን ከበደው። ምን ይደመድማል? «ለሌላው ሠርቷል፣ ችግሩ እኔ ነኝ» ነው የሚለው። በነገራችን ላይ ብዙ ሰው የሚያቆመው እዚች ጋ ይመስለኛል፤ የገባለት ቀን ደርሶ የተባለው ነገር ሲቀር።

አንድ ቀን ከዘለልክ ከዜሮ ጀምር የሚለው ከሁሉም ይብሳል። በዚያው ጥናት አንድ ቀን መዝለል ልማዱን ይህ ነው የሚባል ጉዳት አላደረሰበትም። በእኛ ኑሮ ደግሞ ቀን አለመዝለል የማይታሰብ ነው። ለቅሶ አለ። ሠርግ አለ። ጥር ከጥምቀት በኋላ፣ ሚያዝያ ከፋሲካ በኋላ፣ ቅዳሜና እሑድ የሠርግ ነው። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ «ይቅርታ፣ ዛሬ 14ኛ ቀኔ ነው» ብሎ የሚነሳ ጎጃሜ ካለ አሳዩኝ። ከዜሮ ጀምር የተባለ ሰው ሁለት ሦስቴ ከዜሮ ይጀምርና በቃኝ ይላል። እንዲያውም ይሄ ሕግ ሰውን ለማስቆም ሆን ተብሎ ቢወጣ ከዚህ የተሻለ አይሠራም ነበር። አንድ ቀን ቀረብህ፣ በማግስቱ ትቀጥላለህ፣ አለቀ።

አሁን ገበሬው ጋ ደረስን። ጸሐፊው በዚህ ምሳሌ የተማመኑበት ይመስላል፣ እኔ ደግሞ ለእኔ ክርክር ያቀበሉኝ ነው የሚመስለኝ። የአዴት ወይም የቢቸና ገበሬ በቀን ብዙ ይሄዳል፤ እውነት ነው። የሚሄደው ግን ማሳው ሩቅ ስለሆነ ነው። ገበያው ማዶ ነው፣ ከብቱ ውኃ ይፈልጋል። ጠዋት ተነስቶ «ዛሬ ወኔ አለኝ ወይ?» ብሎ ራሱን አይጠይቅም፤ ኑሮው ራሱ ያስኬደዋል። የዚያው ሰው ልጅ ባሕር ዳር መጥቶ ቢሮ ሲቀጠር ደሙ አልተለወጠም፣ አስተዳደጉም አልተለወጠም። የተለወጠው ከደጁ ባጃጅ መቆሙ፣ ወንበሩ ከጠዋት እስከ ማታ አለመነሳቱ ነው። ባሕር ዳር እኮ የብስክሌት ከተማ ነበረች። ሰው ብስክሌት ይነዳ የነበረው ስለ ጤና ተሰብኮ አልነበረም፤ መንገዱ ሜዳ ነው፣ ሌላ ርካሽ መጓጓዣ አልነበረም። ባጃጁ ሲበዛ ብስክሌቱ ቀነሰ። ሕዝቡ ባንድ ጊዜ ሰነፈ እንበል?

ደግሞም ገበሬያችንን ከመጠን በላይ ጤነኛ አናድርገው። በጎጃም ደጋ ቀይ አፈር ላይ ዕድሜ ልክ ባዶ እግር መሄድ ዝሆኔ ያመጣል። ብዙ ሰው እርግማን ወይም የዘር ነገር አድርጎ ያየዋል፤ ዋናው ምክንያት ግን አፈሩ ውስጥ ያሉ ደቃቅ ቅንጣቶች ናቸው፣ ጫማ ማድረግና እግር መታጠብ ይከላከለዋል። ያበጠ እግር ያለው ሰው ደግሞ ሕክምናው የዕለት ተዕለት ልማድ ነው፦ በሳሙና መታጠብ፣ ማድረቅ፣ ቅባት መቀባት፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ፣ እግርን ከፍ አድርጎ ማሳረፍ፣ ማንቀሳቀስ። በየቀኑ፣ ዕድሜ ልክ። በጤና ልማድ ላይ ከዚህ የከበደ ፈተና የት ይገኛል?

በምሥራቅ ጎጃም በ696 ሕሙማን ላይ የተደረገ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ይህን ሥርዓት ሞክሮታል። ለዓመት የተከታተሉት ሰዎች የእግር ሕመሙና ትኩሳቱ የሚነሳባቸው ጊዜ ቀንሷል። እኔን የገረመኝ አሠራሩ ነው። ማንም ስለ ቁርጠኝነት ሰብኮ አልሄደም። እንዴት እንደሚታጠቡ በእጅ አሳዩአቸው፤ ሳሙናውን፣ ቅባቱን፣ ለእግራቸው የሚሆነውን ጫማ ሰጧቸው፤ እየተመላለሱ የሚያይ ሰው መደቡላቸው። ያበጠ እግር ያለበት ሰው ገበያ ሄዶ የሚገባው ጫማ እንደማያገኝ አስቡ። «ጫማ ለማድረግ ፍላጎት የለህም» ብትሉት ምን ይላችኋል? ጸሐፊው ጤነኛ ምሳሌ ፍለጋ ገጠር ወረዱ፤ ገጠሩ የሚነግረን ግን ሰው የሚጸናው ነገሩ እጁ ላይ ሲሆንና የሚጠይቀው ሰው ሲኖር መሆኑን ነው።

ጾሙስ? ይሄኛው ከሁሉም ጠንካራው ጥያቄ ነው፣ አልሸሸውም። 55 ቀን ሁዳዴ፣ በነሐሴ ለ15 ቀን ፍልሰታ፣ ከዚያ ላይ ረቡዕና ዓርብ። ይህን የሚችል ሕዝብ እንዴት ስኳር ያቅተዋል? መልሱ ያለው ጾሙ እንዴት እንደሚጾም ብናይ ነው። መጀመሪያ፣ ቀኑን አንተ አትመርጠውም። የሚገባበትም የሚፈታበትም ታውቋል፤ «ዛሬ ደስ ስላላለኝ ነገ እይዛለሁ» የለም። ሁለተኛ፣ ብቻህን አይደለህም። ልኳንዳው ተዘግቷል፣ ምግብ ቤቱ በያይነቱ ይዟል፣ ጎረቤት ሽሮና ተልባ ሠርቷል፣ የቅባት ድስቱ ታጥቦ ተቀምጧል። በሁዳዴ ዶሮ ወጥ ይዞ «በሞቴ!» የሚልህ የለም።

አሁን ስኳር የተወውን ሰው እዩት። ብቻውን ነው። ቡናው ይፈላል፣ ሲኒው ስኳሩ ገብቶበት ይቀርባል። «ያለ ስኳር» ሲል ሁሉም ቀና ብሎ ያየዋል። «ኧረ ትንሽ፣ ምን ታመጣለች?» ይባላል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ ሦስት ጊዜ እምቢ ማለት አለበት፣ በየቤቱ፣ በየቀኑ፤ ፍስክ የሌለው ጾም ነው። ጾመኛው እና ይህ ሰው አንድ ዓይነት ፈተና ላይ ተቀመጡ ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። የማውቃቸው አንዲት እናት ባለቤታቸው ስኳር ሲገኝባቸው አንድ ነገር ብቻ ቀየሩ። ስኳሩን ከረከቦቱ አንስተው ብልቃጡን ከማንኪያው ጋር ለብቻ ያቀርባሉ፣ የፈለገ ራሱ ይጨምራል። እንግዳው አልተቀየመም። አባወራውም በየሲኒው መከራከር ቀረላቸው። ቤቱ ነው የተቀየረው።

እዚህ ላይ ልጨምር፦ ጾም ሥርዓት ብቻ አይደለም፣ እምነት ነው፣ እኔ ወደ አመጋገብ ፕሮግራም ላወርደው አልፈልግም። ሰው ትርጉም ያለውን ነገር እንደሚችል ጸሐፊው ማንሳታቸው ልክ ነው። ግን ያው እምነት ያለው ሰው ከሠፈሩ ርቆ፣ ሁሉም በሚበላበት አገር ሲኖር ጾሙ እንደሚከብደው ራሱ ይነግራችኋል። እምነቱ ሳይቀንስ ማለት ነው። ደግሞ ጾም መጾም ብቻውን ጤና አይሆንም፤ ዘይት ውስጥ የዋኘ ሳምቡሳና አራት ማንኪያ ስኳር ያለው ሻይም ጾም ነው።

የ11 ሰዓቱ ሩጫ። ለማን ነው የተጻፈው? ሰዓት እላፊ ያየ ከተማ ውስጥ የምትኖር ሴት በጨለማ ብቻዋን ትሩጥ? ውሻው ይቅርና። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ነው ያለው፤ ሐምሌና ነሐሴ በዚያ ሰዓት ዝናቡን፣ ጭቃውንና ከጮቄ የሚወርደውን ብርድ አስቡት። መስከረም የጀመረ ሰው ሰኔ ላይ የሚያቆመው አንዳንዴ ዝናብ ስለጀመረ ብቻ ነው፤ ለክረምቱ ሌላ ዕቅድ አልያዘም።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው፤ ፈጠን ያለ እርምጃ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ደግሞ ቢያንስ አሥር ደቂቃ ሳይቋረጥ መሆን አለበት የሚለውን ትቷል፤ ቁርጥራጩም ይደመራል። ልጅ ትምህርት ቤት አድርሶ በእግር መመለስ ይቆጠራል። ከቢሮ አንድ ፌርማታ ቀድሞ ከባጃጅ መውረድ ይቆጠራል። ፒተር ጎልዊትዘር የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ ለዓመታት ያጠናው ሦስተኛው የተማሪ ቡድን የጻፈውን ዓይነት ዕቅድ ነው፦ «እንዲህ ሲሆን፣ እንዲህ አደርጋለሁ» ብሎ አስቀድሞ መቁረጥ። ኪዳን አድርሼ ስወጣ በረጅሙ መንገድ ዞሬ እገባለሁ። ዝናብ ከሆነ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። እንዲህ የወሰነ ሰው ጠዋት ከራሱ ጋር ክርክር አይገጥምም።

በእኛ ሠፈር ሦስት ሴቶች ጠዋት ጠዋት ወደ ጣና ዳር ይራመዳሉ። ዘዴያቸው ቀላል ነው። ፊተኛዋ ወጥታ የሁለተኛዋን የቆርቆሮ በር በጠጠር ታንኳኳለች። «እቴ፣ ውጪ እንጂ!» ውስጥ ያለችው አንዳንዴ ትነጫነጫለች፣ ነጠላዋን እየተከናነበች ግን ትወጣለች። ከዚያ ሁለቱ ሆነው ሦስተኛዋ በር። ወኔ ያላት ቀን በቀን ትለያያለች፤ አንዷ ደክሟት አንዷ ትጎትታታለች። ሦስቱም ባንድ ቀን ወኔ አጥተው የቀሩበት ጠዋት ካለ እኔ አላየሁም፣ ጠጠሩ ግን ያነቃኛል።

ሁሉን ባንድ ቀን ቁረጥ ስለሚለው ብዙ አልልም። የሚሳካለት ሰው አለ፤ ሲጋራን ባንድ ቀን ጥለው የቀሩ አባቶች አውቃለሁ። ስኳርን፣ ጨውን፣ ቅባትን፣ እንቅልፍን ባንድ ሰኞ መቀየር ግን አራት ሥራ በአንድ ቀን መጀመር ነው። የስኳር ወይም የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰውማ ምግቡን በድንገት ከመቀየሩ በፊት ሐኪሙን ያናግር።

የገንዘብ ሽልማቱም እንደዚሁ። ለጥቂት ሳምንት ይሠራ ይሆናል። ኤድዋርድ ዴሲ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ሙከራ፣ እንቆቅልሽ በመፍታት ሲደሰቱ የነበሩ ተማሪዎች ገንዘብ ሲከፈላቸው ቆይቶ ክፍያው ሲቀር፣ በትርፍ ጊዜያቸው እንቆቅልሹን የመንካት ፍላጎታቸው ቀነሰ። በዚያ ላይ ሽልማቱን የምትሰጠው አንተ፣ የምትቀበለውም አንተ ከሆንክ ማን ይከለክልሃል? ጸሐፊው ዕቁብን ምሳሌ ማድረጋቸው ግን ደስ ብሎኛል፤ ብቻውን መቶ ብር ማስቀመጥ የማይችል ሰው በዕቁብ ቀን አይቀርም። ሰብሳቢው ያውቀዋላ። ሰው ፊት ነው የሚያጸናው፣ ብሩ አይደለም።

ቀረ የአዲስ ዓመቱ ቀልድ። ካትሪን ሚልክማንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰው በሳምንት፣ በወር፣ በዓመት መጀመሪያ ላይ ወደ ጂም መሄዱም፣ ስለ አመጋገብ መረጃ መፈለጉም ይጨምራል። «የቀድሞው እኔ» ከኋላ ይቀራል። ይህ የሚያስቅ አይደለም፣ የሚጠቀሙበት ነው። እኛ ደግሞ የመጀመሪያ ቀን እጥረት የለብንም፤ መስከረም አለ፣ ጥምቀት አለ፣ የዳግማዊ ትንሣኤ ማግስት አለ፣ በየሳምንቱም ሰኞ አለ። ሰኔ ላይ ዝናቡ ያስቆመው ሰው መስከረም ላይ ቢነሳ፣ ያውም አሁን ለክረምቱ ምን እንደሚያደርግ ጽፎ ቢነሳ፣ ጸሐፊው የሚስቁበት ምኑ ላይ ነው? ይህን አንዱን እንኳ ቢመልሱልኝ ደስ ይለኛል።